«ሜዳ የላችሁም» የተባለው ክለብ፦ ቫስኮ ዳ ጋማና የሳኦ ዣኑዋሪዮ መቶ ዓመት

ጁን 22 ቀን 2023 ምሽት ነው። የብራዚሉ እግር ኳስ ክለብ ቫስኮ ዳ ጋማ በገዛ ሜዳው፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ባለው ሳኦ ዣኑዋሪዮ ስታዲየም፣ በጎያስ ክለብ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቡድኑ ወራጅ ቀጣና ውስጥ ነው፤ የደጋፊውም ትዕግስት አልቋል። ርችቱም ሌላውም እጁ የገባው ነገር ሁሉ ወደ ሜዳ ይወረወር ጀመር። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ቤት ስታዲየሙ ይዘጋ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። ረብሻ ያስነሳ ክለብ ይቀጣል። ሰዉን ያስቆጣው ከቅጣቱ ጋር አብሮ የተጻፈው ነገር ነው። በዕለቱ ተረኛ የነበረው የፍርድ ቤት ዳኛ ስለ ርችቱ ጽፎ አላቆመም። ስታዲየሙ በባሬይራ ዶ ቫስኮ ሰፈር የተከበበ ነው አለ። ከሰፈሩ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ተኩስ ይሰማል፣ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ በሚጠጡ ደጋፊዎችም ይሞላሉ ሲል ጨመረ።

ባሬይራ ፋቬላ ነው። ከስታዲየሙ አጥር ሥር የተጠጋ፣ ድሃ ሠራተኛ በየጊዜው እየቀጠለ የሠራው ሰፈር። የጨዋታ ቀን ሰዉ ደጁ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል። ሥጋ በእንጨት ሰክቶ ይጠብሳል። ቢራውን በበረዶ ሳጥን ይደረድራል። መኪና ያቆማል፣ ማሊያ ይሸጣል። ርችቱን የወረወሩት ሌሎች፣ በሪፖርቱ ስሙ የተነሳው ሰፈሩ። ስታዲየሙ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ለደጋፊ ዝግ ሆኖ ሲቆይ ከክለቡ እኩል የተራበው የእነዚህ ሰዎች ኪስ ነው። ነዋሪው ሰልፍ ወጣ፤ ክለቡም ውሳኔው ድሃን የሚያገል ነው ብሎ ጮኸ። በሩ ሲከፈት ቫስኮ ኮሪቲባን 5 ለ 1 አሸነፈ። የልብ ያደርሳል።

ይህን ጉዳይ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። የዚህ ክለብ ታሪክ ውስጥ በር ሲዘጋ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ቦታ ነው። «ሜዳችሁ»፣ «ሰፈራችሁ»፣ «መንገዳችሁ»። ሰዎቹ በስማቸው አይጠሩም። ስታዲየሙ ራሱ የተሠራው እንዲህ ላለ ሰበብ መልስ እንዲሆን ነው። ነገሩ እንዲገባን መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

ክለቡ ኦገስት 21 ቀን 1898 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ተመሠረተ። ያኔ እግር ኳስ የለም፤ የጀልባ ቀዘፋ ክለብ ነው። መሥራቾቹ አብዛኞቹ ፖርቱጋላውያን ስደተኞች ናቸው፤ በሱቅና በንግድ የሚተዳደሩ። ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ስለነበር በእሱ ስም ጠሩት። ይህ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1541 ከ400 ገደማ ጠመንጃ ያዥ ፖርቱጋላውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው፣ ከኢማም አህመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በ1542 የተገደለው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የዚሁ መርከበኛ ልጅ ነው። የሪዮው ክለብ የአባትየውን ስም ነው የተሸከመው።

በ1904 ቫስኮ ካንዲዶ ዦዜ ዴ አራውዦ የተባለ ክልስ ሰው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ባርነት በብራዚል በሕግ ከቀረ ገና 16 ዓመቱ ነው። በዚያ ዘመን የስፖርት ክለብ ማለት የነጭ ሀብታም መዝናኛ ማለት ነበር። ኳስ ግን አልጀመሩም። ኳሱ የመጣው በ1915 ነው። በ1916 የመጀመሪያ ጨዋታቸውን 10 ለ 1 ተሸነፉ። አዎ፣ አስር።

ከዚያ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1922 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸነፉ። በ1923 ወደ ላይ በወጡበት በመጀመሪያው ዓመት የሪዮን ሻምፒዮና ወሰዱ፤ የተሸነፉት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ቡድኑን ተመልከቱት። በረኛው ኔልሰን ዳ ኮንሴይሳዎ ሹፌር ነበር። ሴሲ ቤት ቀቢ፣ ኒኮሊኖ የወደብ ጫኝና አውራጅ፣ ቦላዎ የጭነት መኪና ነጂ። ጥቁር፣ ክልስ፣ ነጭ ድሃ፤ ሁሉም አለበት። «ጥቁር ማሊያዎቹ» የሚል ስም ወጣላቸው። አሰልጣኛቸው ኡራጓያዊው ራሞን ፕላቴሮ ደግሞ እንደ ወታደር ያስሮጣቸው ነበር። የሀብታም ልጆች ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እነዚህ ገና እየጀመሩ ነው።

ክፍያ ክልክል ነው፤ ሊጉ የአማተር ነው። ታዲያ በምን ይኖራሉ? የፖርቱጋል ነጋዴዎች በሱቃቸው ሠራተኛ ናቸው ብለው ያስመዘግቧቸዋል። ቀኑን የሚያሳልፉት ግን ልምምድ ላይ ነው። ሲያሸንፉ ደግሞ ሽልማት አለ። ሽልማቱ በገንዘብ ስም አይጠራም፤ በእንስሳ ስም ነው። ሪዮ ውስጥ በእንስሳት ሥዕል የሚቆረጥ ሎተሪ አለ፤ እያንዳንዱ እንስሳ ቁጥር አለው። በዚያ ሂሳብ ውሻ 5 ነው፣ ላም 100። ለቀላል ጨዋታ ውሻ፣ ለከባድ ጨዋታ ላም እየተባለ ይሰጣቸው ነበር ይባላል። ዛሬም ብራዚል ውስጥ ለተጫዋች የሚሰጠው የማሸነፊያ ጉርሻ «ቢሾ» ነው የሚባለው። እንስሳ ማለት ነው።

ትልልቆቹ ክለቦች አልወደዱትም። በ1924 ፍላሜንጎ፣ ፍሉሚኔንሴ፣ ቦታፎጎ፣ አሜሪካ የተባለው የሪዮ ክለብና ባንጉ ነባሩን ሊግ ጥለው አሜያ የሚባል አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ቫስኮ መግባት ከፈለገ ቅድመ ሁኔታ አለ። ተጫዋች የታወቀ ሥራ ሊኖረው፣ ማንበብና መጻፍም ሊችል ይገባል። በዚያ ላይ ክለቡ ደረጃውን የጠበቀ የራሱ ሜዳ የለውም ተባለ። በመጨረሻም 12 ተጫዋቾች ይባረሩ የሚል መጣ። ስለ ቆዳ ቀለም አንድም ቃል የለም። ግን የሚባረሩት እነማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ኤፕሪል 7 ቀን 1924 የቫስኮ ፕሬዚዳንት ዦዜ አውጉስቶ ፕሬስቴስ መልስ ጻፉ። ደብዳቤ ቁጥር 261። ለአሜያው ፕሬዚዳንት ለአርናልዶ ጊንሌ የተላከ አጭር፣ ጨዋ፣ ቢሮክራሲ ቢሮክራሲ የሚሸት ደብዳቤ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እነዚህ 12 ልጆች ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ብራዚላውያን ናቸው፤ ሥራቸውን ገና መጀመራቸው ነው። ስማቸውን የሚያጎድፍ ነገር በተቀበላቸው ቤት ፈቃድ አይፈጸምም፤ በክብር በሸፈኑት ባንዲራ ሥርም አይደረግም። ስለዚህ አሜያ ውስጥ መግባታችንን ትተነዋል።

ብራዚላውያን ይህን ወረቀት «ታሪካዊው መልስ» ይሉታል። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ስለ ደብዳቤው ሲወራ ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛበታል። ቫስኮ ጥቁር ያሰለፈ የመጀመሪያው ክለብ አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኞች ክለብ የነበረው ባንጉ ከ1905 ጀምሮ ጥቁር ተጫዋች ነበረው፤ ይኸው ባንጉ አሜያን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ደብዳቤውም ዘር የሚል ቃል የለበትም። ታዲያ የባንጉ ያላስቆጣቸው የቫስኮ ለምን አስቆጣቸው? ባንጉ ዋንጫ አልወሰደማ! ድሃው መጫወቱን ችለውት ነበር፤ ያልቻሉት ማሸነፉን ነው። ደብዳቤውን ትልቅ የሚያደርገው የመጀመሪያ መሆኑ ሳይሆን፣ በሩ ተከፍቶለት ሳለ ልጆቼን ጥዬ አልገባም ማለቱ ነው።

ቫስኮ ያን ዓመት ከትንንሾቹ ክለቦች ጋር ቀርቶ ሻምፒዮን ሆነ። ኪሳራው ለማን እንደሆነ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ፤ ደጋፊው ያለው ቫስኮ ጋ ነው። በ1925 ከነተጫዋቾቹ አስገቡት። «ሜዳ የላችሁም» የሚለው ነገር ግን አንጀታቸው ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ ሜዳ ሠሩ። ያውም ምን ዓይነት ሜዳ። በሳኦ ክሪስቶቫው አካባቢ መሬት ገዙ። የመንግሥት ገንዘብ የለም። አስር ሺህ አዲስ አባላት እንመዝግብ ብለው ዘመቻ ጀመሩ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ባለ ሱቁ፣ አስተናጋጁ መዋጮውን አመጣ። የመሠረት ድንጋዩ በጁን 1926 ተጣለ። የቤልጂየም ሲሚንቶ ለማስገባት ፈቃድ ጠይቀው መንግሥት እንደከለከላቸው፣ ለፈረስ እሽቅድምድም ክለቡ ግን ፈቅዶ እንደነበር በቫስኮ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ እየተመረረ ይወራል። አላቆሙም። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1927 ሳኦ ዣኑዋሪዮ ተመረቀ። ከሳንቶስ ጋር ተጋጥመው 5 ለ 3 ተሸነፉ። በገዛ ድግስ መሸነፍ ማለት ይሄ ነው። ሽንፈቱ ግን የማንንም ደስታ አላጠፋም፤ ያ ስታዲየም ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ፓካዬምቡ እስኪከፈት እስከ 1940 ድረስ በብራዚል ትልቁ ነበር። ኳስ ሜዳ የላችሁም የተባሉት ሰዎች የአገሪቱን ትልቁን ሜዳ ይዘው ቁጭ አሉ።

ፊት ለፊት ስታዩት ስታዲየም አይመስልም። የድሮ የፖርቱጋል ሹም ቤት ነው የሚመስለው፤ ሥዕል ያለበት ሸክላ የተለጠፈበት፣ ቅስት በር ያለው። መግቢያው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ከሰፈሩ ቤቶች ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ውስጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው፤ መቀመጫው ሜዳውን ሦስት ጎን ከብቦ በአንዱ ጎል ጀርባ ክፍት ይቀራል። ግቢው ውስጥ መዋኛ አለ፤ የእመቤታችን ቤተ ጸሎትም አለ። ሳኦ ዣኑዋሪዮ የሚለው ስም ራሱ የክለቡ አይደለም። በአቅራቢያው ያለ መንገድ ስም ነው፤ ሰዉ እንደዚያ ብሎ ለመደው።

ትልቅ መድረክ ሲገኝ ፖለቲከኛ አይጠፋም። ፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ የሠራተኞችን ቀን እዚህ ማክበር ይወዱ ነበር። በሜይ 1 ቀን 1940 የብራዚልን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያወጁት ከዚሁ ስታዲየም ነው። ቫርጋስ አምባገነን ነበሩ፤ ሕዝብ የሚገኝበትን ቦታ ግን ያውቁ ነበር። አቀናባሪው ቪላ ሎቦስም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን እዚህ አሰልፎ ያዘምር ነበር። በ1949 ብራዚል ፓራጓይን 7 ለ 0 ደቁሳ የደቡብ አሜሪካ ዋንጫን ያነሳችውም እዚህ ነው።

በዓመቱ ሪዮ ውስጥ የማራካና ስታዲየም ተሠራ፤ የዓለም ዋንጫም መጣ። ቫስኮ ያኔ በአህጉሩ የሚፈራ ቡድን ነበር፤ «የድል ባቡር» ይሉታል። በ1948 ሳንቲያጎ ላይ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖችን ውድድር አሸንፏል። በ1950 በመጨረሻው ጨዋታ በኡራጓይ ከተሸነፈው የብራዚል ቡድን አምስቱ ተሰላፊዎች የቫስኮ ነበሩ፤ አሰልጣኙም የቫስኮ ነው። በረኛው ባርቦሳም ከእነሱ አንዱ። ጥቁር ነበር፤ ጥፋቱም በእሱ ላይ ወደቀ። በብራዚል ከባዱ ቅጣት 30 ዓመት ነው፣ እኔ ግን 50 ዓመት ከፈልኩ እያለ በ2000 ሞተ። ዛሬ የቫስኮ የልምምድ ማዕከል በስሙ ይጠራል። ዘግይቷል፤ ግን ክለቡ ቢያንስ አልረሳውም።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን እውነት ልናገር። ስለ ሳኦ ዣኑዋሪዮ የሚነሳው የደኅንነት ጥያቄ ሁሉ ሰበብ ነው ማለት አይቻልም። ዲሴምበር 30 ቀን 2000 ቫስኮ ከሳኦ ካዬታኖ ጋር የብራዚልን ሻምፒዮና ፍጻሜ እዚህ እየተጫወተ ነበር። ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በ23ኛው ደቂቃ ገደማ፣ የቫስኮው አጥቂ ሮማሪዮ ተጎድቶ ከወጣ በኋላ፣ ከመቀመጫው ሰዉ እየተገፋፋ ቁልቁል ወረደ። የሽቦ አጥሩ ተደረመሰ። ከ150 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ሄሊኮፕተር ሜዳው ላይ አረፈ፤ ቁስለኞች ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል። የክለቡ ኃያል ሰው ኤውሪኮ ሚራንዳ ግን ሜዳው ይጽዳና ጨዋታው ይቀጥል ይሉ ነበር። የግዛቱ አስተዳዳሪ ናቸው ያስቆሙት። የሞተ ሰው አለመኖሩ ተአምር ነው። በጃንዋሪ ማራካና ላይ ተደግሞ ቫስኮ 3 ለ 1 አሸነፈ።

ያን ቀን አጥሩን የጣለው ፋቬላው አይደለም። በበሩ የገባውን ሕዝብ ብዛት የሚወስኑት አለቆች ናቸው። በ1978 እዚህ 40,209 ሰው ገብቶ ያውቃል፤ ዛሬ የሚፈቀደው 21 ሺህ ገደማ ነው። ልዩነቱን ብቻ ማየት በቂ ነው። የ2023ቱን ሪፖርት የማልቀበለውም ለዚህ ነው፤ የሚጠየቀው አካል ሌላ ሆኖ ሳለ ሰፈሩን ከሰሰ።

ሜዳው ላይ ያለው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ይበዛበታል። በክለቡ መቶኛ ዓመት በ1998 የደቡብ አሜሪካ ክለቦች የሚፎካከሩበትን የሊበርታዶሬስን ዋንጫ አንስተው ነበር። በ2007 ሮማሪዮ በራሱ ቆጠራ አንድ ሺኛ ጎሉን በፍፁም ቅጣት ምት እዚህ አገባ፤ ሐውልትም ቆመለት። በቫስኮ ማሊያ 708 ጎል ያገባው ሮቤርቶ ዲናሚቴም ሐውልቱ እዚሁ ነው፤ በጃንዋሪ 2023 ሲሞት ደጋፊው የተሰናበተውም በዚሁ ስታዲየም ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ግን ዕዳና መውረድ ነው። በ2008፣ በ2013፣ በ2015፣ በ2020፤ አራት ጊዜ ወረዱ።

በ2022 ክለቡ የእግር ኳሱን ክፍል ወደ ኩባንያ ቀይሮ 70 በመቶውን ለአሜሪካው 777 ፓርትነርስ በ700 ሚሊዮን የብራዚል ሪያል ሊሸጥ ተስማማ። ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ኤቨርተንን እገዛለሁ ብሎ ወራት ያስጠበቀው እሱው ነው። በሜይ 2024 የኩባንያው ጉድ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መውጣት ሲጀምር፣ የሪዮ ፍርድ ቤት የቫስኮን ቁልፍ ከእጁ ወሰደ። ክለቡ ወደ አባላቱ ተመለሰ። ፕሬዚዳንቱ ፔድሪኞ የቀድሞ የቫስኮ ተጫዋች ነው። ኮቲንሆም ከሊቨርፑልና ከባርሴሎና ዘመኑ በኋላ ወዳደገበት ቤት መጣ። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ዕዳ ግን አይከፍልም። በ2025 መጀመሪያ ክለቡ ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ።

እንዲህ ባለ ኪስ ስታዲየም እንዴት ይታደሳል? ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ከተማው በእያንዳንዱ መሬት ላይ ምን ያህል ካሬ ሜትር ሕንፃ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ቫስኮ መሬቱ ላይ ያለው ኳስ ሜዳ ስለሆነ አብዛኛውን ፈቃድ አይጠቀምበትም። በ2024 የሪዮ ምክር ቤት ያን ያልተሠራበትን ፈቃድ ለሌላ እንዲሸጠው የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። ገዢዎቹ ባራ ዳ ቲዡካን በመሳሰሉ የባለ ገንዘብ ሰፈሮች ፎቅ የሚያቆሙ አልሚዎች ናቸው። ቫስኮ የማይሠራውን ፎቅ ይሸጣል፤ እነሱ እዚያ ይሠሩታል፤ ገንዘቡ ስታዲየም ይሆናል። የተገመተው 500 ሚሊዮን ሪያል ገደማ ነው። ዕቅዱ የፊት ለፊቱን የሸክላ ገጽ ሳይነካ፣ ክፍቱን ጎን ዘግቶ፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ማድረግ ነው። ሥራው የሚጀመርበት ቀን ግን ሲገፋ ሲገፋ ቆይቷል። አልሚ ካልገዛ ሲሚንቶ የለም።

ሐሳቡ ጥሩ ነው እላለሁ። ግብር ከፋዩን አያስከፍልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብራዚል ውስጥ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የታደሱትን ስታዲየሞች ማየት ይበቃል፤ ማራካና ቆሞ የሚያይ የድሃ ቦታ ነበረው፤ ዛሬ ወንበር አለው፣ ዋጋም አለው። ሳኦ ዣኑዋሪዮም ለባለ ገንዘብ የተለየ መቀመጫ ክፍል፣ ምግብ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ ሲጨመርለት ከአጥሩ ውጭ ከሰል የሚያቀጣጥለው ሰው ወዴት ይሄዳል? ትኬቱንስ ይችለዋል? በ1926 ስታዲየሙን የሠራው በየወሩ መዋጮ ያመጣ ሰው ነው። አሁን የሚሠራው በሌላ ሰፈር ፎቅ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ነው። ባለቤትነት የሚሰማው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከሪዮ አራት ትልልቅ ክለቦች መካከል ዛሬ ትልልቅ ጨዋታ የሚያስተናግድ የራሱ ስታዲየም ያለው ቫስኮ ብቻ ነው። ፍላሜንጎና ፍሉሚኔንሴ የሚጫወቱበት ማራካና የግዛቱ መንግሥት ነው። የቦታፎጎው የከተማው ነው። ፍላሜንጎ በ2024 ጋዞሜትሮ የተባለውን ቦታ በጨረታ ገዝቶ የራሱን ለመሥራት ማሰብ ጀምሯል፤ የቫስኮው ስታዲየም መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። የሳኦ ዣኑዋሪዮ መቶኛ ልደት ኤፕሪል 21 ቀን 2027 ነው። የባሬይራ ሰዎች ቢራውን በረዶ ላይ ማድረጋቸው አይቀርም።